እማማ፣ ነጠላዎ እኔ ጋ ነው

ስምዎን ሳልጠይቅዎ ለቀረሁት እናቴ፣

ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ እንጦጦ ሸለቆ ውስጥ የወደቀችው ባለ ብስክሌት ትዝ ካለችዎ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ ቤቴ ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ በግራ እጄ ነው። ቀኜ ገና ታስሯል።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሆነን ነበር የወጣነው። ከአራት ኪሎ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን በስድስት ኪሎ አድርገን የሽሮ ሜዳን ዳገት ተያያዝነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ በቀላሉ ማርሽ እንኳን ትንፋሽ ያሳጥራል። እንጦጦ ማርያም ደጅ ተሳልመን አረፍ አልን። ስንመለስ አስፋልቱን ትተን በሸለቆው የእግር መንገድ ወረድን። በጋውን ስንነዳበት የከረምነው መንገድ ነው። ክረምቱ ግን ውጦታል። ሣሩ መሪ ድረስ ቆሟል፤ ቀጋው ከግራ ከቀኝ ገጥሟል፤ ሳማው እግር ይለበልባል። አደይ አበባው ደግሞ ዓይን ይሰርቃል። ከሣሩ ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ነበር፣ አላየሁትም። የፊት ጎማዬ ገባበት። እኔ በመሪው ላይ ተወርውሬ ቁልቁል ተንከባለልኩ። ሄልሜቴ ተሰነጠቀ፤ ጭንቅላቴ ግን ተረፈ።

ነርሷ ጓደኛዬ፣ «ማንም እንዳያነሳት!» ብለሽ የጮህሽው እስካሁን ይሰማኛል። ሁሉም ሊያነሳኝ፣ ውኃ ሊያጠጣኝ ሲሯሯጥ አንቺ አንገቴን ዳበስሽ፣ ጣቶቼንና እግሬን አንቀሳቅሺ አልሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።

እርስዎ የደረሱት ያኔ ነው፣ እማማ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። «እኔን! አይዞሽ ልጄ» ብለው ሸክምዎን ጥለው መጡ። እዚያ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ እናንተን አልፌ ነድቻለሁና አንድ ነገር አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሸክም አንዴ ከወረደ የሚያሸክም ሰው ካልተገኘ አይነሳም። እርስዎ ይህን እያወቁ ነው የጣሉት። ከዚያ ነጠላዎን ከትከሻዎ አውርደው ሰጡን። እጄ ደረቴ ላይ የታሰረው በእሱ ነው። ስንት ነጠላ እንዳለዎ አላውቅም። ሳያመነቱ ነው የሰጡኝ።

ሁለቱ ወጣቶች፣ እናንተም ስማችሁን አልነገራችሁኝም። በገጀራችሁ ቀጋውን እየመነጠራችሁ አስፋልቱ ድረስ መራችሁን። በጤና ቀን አሥር ደቂቃ የማትፈጅ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀች። አንድ እሾህ አልነካኝም። ብስክሌቴን ከራሱ ብስክሌት ጋር ተሸክሞ የወጣውን ጓደኛዬን፣ 907 ደውሎ ቦታውን በትክክል ያስረዳውን፣ ቀስ ብለው የነዱትን የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሠራተኞች ሁሉ አመሰግናለሁ። ከአንገቴ ወደ ትከሻዬ የሚሄደው አጥንት ተሰብሯል። ቦታውን ብዙ ስላልለቀቀ ኦፕራሲዮን አላስፈለገም። ስድስት ሳምንት ታስሮ ይቆያል ብለውኛል።

ለሌሎች ባለ ብስክሌቶች፦ ክረምት ሲወጣ የምታውቁትን መንገድ እንደማታውቁት ቁጠሩት። መጀመሪያ በእግር ሂዱበት። እኛ ማጭድና ገጀራ ይዘን ወጥተን ልናጸዳው ተስማምተናል። ጭራሮ የሚሸከሙት እናቶችም የሚሄዱበት መንገድ ነው።

እማማ፣ ነጠላዎን አጥቤዋለሁ። ጥለቱ ላይ የነበረው ደም ለቋል። ጓደኞቼ ሽሮ ሜዳ ወርደው ቢጠይቁም አላገኙዎትም። የሚያውቅዎት ሰው ካነበበው ይንገርዎት። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንጦጦ ማርያም በር እቆማለሁ። ካልመጡ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እዚያው ነኝ።