ካናቢስን ማቆም መቼም አይረፍድም

ለአዘጋጁ፦

ሳይኮሲስ (የሌለ ነገር የሚያሰማ ወይም የሚያሳይ፣ እውኑን ከቅዠት ለመለየት የሚያስቸግር የአእምሮ ሕመም) ገና ስለጀመራቸው ወጣቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ካናቢስን (ሐሺሽን) የሚያነሳው ለሕመሙ መነሻነቱ ብቻ ነው። ከታመሙ በኋላ ያለውን ዘሎታል። ለታማሚና ለቤተሰብ ግን የበለጠ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና 24 ጥናቶችን አጣምሮ ነበር። በትንተናው መሠረት ከታመሙ በኋላም ካናቢስ መጠቀማቸውን የቀጠሉ ሰዎች ካቆሙት ይልቅ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሽባቸዋል። ያቆሙት ላይ ግን የማገርሸቱ ነገር ከማይጠቀሙት ብዙም አልተለየም። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ለማቆም የቻሉት ከመጀመሪያውም ሕመማቸው ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «አንዴ ተበላሽቷል፣ ምን ዋጋ አለው» ለሚል ወጣት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ሌላው ጉዳይ መድኃኒትን ማቋረጥ ነው። ካናቢስ የሚጠቀሙ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ የመውሰድ ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ ለማገርሸቱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ያልተዋጠ ኪኒን ደግሞ ቢጨመር ባይጨመር ያው ነው። ቁጣም አይረዳም፤ የተቆጡት ሰው ይደብቃል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለቱም ጥያቄዎች አብረው ይጠየቁ፤ ካናቢስ ትጠቀማለህ? መድኃኒትህንስ እየወሰድክ ነው? ኪኒን ለሚዘነጋ ታማሚም ለሳምንታት የሚሠራው መርፌ በአማራጭነት ቶሎ ይቅረብለት።

አንድ አንባቢ