ደብዳቤ ለልጄ፦ ከማመልከቻሽ ውስጥ አውጪኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ለዶክትሬት ማመልከቻ የጻፍሽውን ጽሑፍ ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ አነበብኩት። ደውዬ እንዳልነግርሽ በስልክ ሁለታችንም እንቸኩላለን። አንቺም «እሺ እማዬ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ጽሑፍሽ ያምራል። ነገር ግን ግማሹ ስለ እኔ ነው። አሜሪካ ስገባ የነርስነት ወረቀቴ አላሠራ ብሎኝ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እያጠብኩ መጀመሬን፣ ሌሊት እየሠራሁ ቀን መማሬን፣ ፈተናውን አልፌ ዳግመኛ ነርስ መባሌን፣ አንዱንም ሳታስቀሪ ጽፈሽዋል። አልዋሽሽም፣ አልቅሻለሁ። እንዲያም ሆኖ ከማመልከቻሽ ውስጥ አውጪኝ። የሚቀበሉሽ መምህራን ማወቅ የሚፈልጉት እናትሽ የከፈለችውን ዋጋ ሳይሆን አንቺ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመሽ ምን እንዳየሽ፣ የቱ ነገር አልዋጥልሽ እንዳለና ምኑን መለወጥ እንደምትፈልጊ ነው። ለእሱ የሰጠሽው ቦታ መጨረሻ ላይ ያለችውን አጭር አንቀጽ ብቻ ነው።

ይህን የምልሽ ትምህርቱ ራሱ ስለሚጠይቀው ነው። በእኛ ሙያ ፒኤችዲው ተመራማሪ የሚያወጣ ነው። አንቺ የምታመለክቺበት ዲኤንፒ፣ ማለትም የነርሲንግ የተግባር ዶክትሬት፣ ግን በምርምር የተገኘውን ዕውቀት ወስዶ ክሊኒክና ዋርድ ውስጥ በሥራ ላይ የሚያውል ሰው እንዲያወጣ የተፈጠረ ነው። ዕድሜውም ገና ነው፤ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በፈረንጆቹ 2001 ነው። በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ነርስ ፕራክቲሽነሮች (በሽተኛ መርምረው መድኃኒት የሚያዙ ነርሶች) እና መሰሎቻቸው ሁሉ በ2015 ሙያውን በዚህ ዲግሪ እንዲጀምሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። 2015 መጥቶ አለፈ፤ ዛሬም በማስተርስ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል። እንግዲህ ኢንተርቪው ላይ «በማስተርስ የምትደርሺበትን ሥራ ለምን በዶክትሬት ፈለግሽው?» ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ? «እናቴ ብዙ ስለደከመችልኝ» ለዚህ መልስ አይሆንም።

መልሱ አንቺ ጋ አለ። ባለፈው የዐቢይ ጾም ያጫወትሽኝን አባት አስቢ። ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ ገቡ፤ ታክመው ወጡ፤ ወር ሳይሞላቸው ተመለሱ። መዝገባቸው ላይ «መድኃኒታቸውን አይወስዱም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንቺ ወንበር ስበሽ በአማርኛ ስትጠይቂያቸው ግን ሌላ ነገር ወጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ጠዋት መዋጥ ያለበትን ላሲክስ፣ ያን ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ማታ ይውጡታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ። እንቅልፍ ሲያጡ ማታ የሚወስዱትን ተዉት፤ ቀጥሎ የቀኑንም ተዉት። ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። «የቆርቆሮ ሾርባና የታሸገ ሥጋ ይቀንሱ» ይላል። እሳቸው የቆርቆሮ ሾርባ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም! ጨዉ ያለው አብሮ ተፈጭቶ የሚመጣው በርበሬና ሽሮ ውስጥ ነው። ያን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

ያን ቀን የሠራሽውን አስታውሺ። ሐኪሙን አነጋግረሽ የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካከልሽ። እሳቸው ሲፈቅዱልሽ የንስሐ አባታቸውን በስልክ አገናኘሻቸው፤ ቄሱም ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ በራሳቸው አንደበት ነገሯቸው። ከዚያ «ነገ ጠዋት የትኛውን ነው የሚወስዱት? በምን ያህል ውኃ?» እያልሽ እሳቸው ራሳቸው መልሰው እስኪነግሩሽ ድረስ አልተነሣሽም። እኔ ብሆን ማመልከቻዬን የምጀምረው ከዚህ ነው። የሰውየውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የገቡበትንም ቀን አታንሺ፤ ማን እንደሆኑ የሚያስለይ አንድም ፍንጭ እንዳይኖር። የበሽተኛ ምስጢር የማይጠብቅ ማመልከቻ ገና ሲነበብ ይወድቃል፤ መውደቅም ይገባዋል።

ታሪኩን ከነገርሽ በኋላ ግን እዚያው አትቁሚ። አንድ ሰው መርዳትሽ ጥሩ ነርስ መሆንሽን ያሳያል፤ ዲኤንፒ ደግሞ «ከእሳቸው በኋላ ለሚመጡት ሁሉ አሠራሩ እንዴት ይለወጥ?» ይላል። የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ልባቸው የደከመና ሌሎችም ሕመምተኞች በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ የሚመለሱበትን ሆስፒታል ክፍያ እስከ 3 በመቶ ይቀንስበታል። ስለዚህ አንቺን ያስጨነቀሽ ጉዳይ የሆስፒታሉን አስተዳደርም ያስጨንቃል፤ ይህን ማወቅሽን ያዩልሽ። ሕጉም ከጎንሽ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግ አይፈቀድም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ የእኛው አማርኛ ነው። ሕጉ እያለ በሽተኛ አልጋ ዘንድ ለምን አይደርስም? እዚህ ላይ ያለሽን ቁጭት ከነሙቀቱ ጻፊው።

እኔ በምሠራበት የዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ውስጥ ፕሮጀክታቸውን የሠሩ የዲኤንፒ ተማሪዎች አይቻለሁ። አንዷ የዳያሊሲስ ካቴተር (በሽተኛው ላይ የሚገባው ቱቦ) ኢንፌክሽን አሳስቧት ፋሻ የምንቀይርበትን መንገድ ከሥር ከመሠረቱ አየች። ከእኛ ጋር ቆማ፣ እጃችንን እያየች፣ የት ላይ እንደምንዘል መዘገበች። አጭር ቅጽ አዘጋጀች፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ኢንፌክሽን አነጻጸረች። እሷ ተመርቃ ሄዳለች፤ ቅጹ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ስትመጣ በእጇ የነበረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። አንቺም ይዘሽ የምትገቢው ነገር አለሽ፤ ጾምና መድኃኒት፣ የመውጫ ወረቀት፣ በርበሬው። ረመዳንንም አትርሺ፤ የሙስሊም በሽተኞቻችን ችግር አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ሙያ ራሱ የተጀመረው እንደዚህ ነው። ሎሬታ ፎርድ በኮሎራዶ ገጠር የምትዞር የጤና ነርስ ነበረች፤ ሐኪም የማያያቸው ሕፃናት ብዛት እረፍት ነሣት። በ1965 ሄንሪ ሲልቨር ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆና የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከፈተች። 104 ዓመት ኖራ ያረፈችው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው።

አጎትሽ ማደንዘዣ ግቢ እያለ እንደሚጎተጉትሽ አውቃለሁ። ደመወዙ ከፍተኛ ነው፤ እውነቱን ነው። ከ2022 ጀምሮ ወደዚያ ትምህርት አዲስ የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ ነው የሚማረው፤ ለመግባትም ቢያንስ የአንድ ዓመት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ ይጠይቃል። አንቺ ቴሌሜትሪ፣ የልብ ምት በሚከታተለው ክፍል፣ ላይ ስላለሽ መጀመሪያ አይሲዩ መዛወር ይኖርብሻል። የሚወዱት ይግቡበት፣ ትልቅ ሙያ ነው። አንቺ ግን ከበሽተኛ ጋር ማውራት የምትወጂ ልጅ ነሽ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ የአዋቂዎችና የአረጋውያን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚባለውን እመርጥልሻለሁ። ምክንያቴን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ጋ ዳያሊሲስ የሚደርሱት ግፊቱና ስኳሩ ኩላሊታቸውን ከጨረሰው በኋላ ነው። የአገራችን ሰዎች ከማሽኑ ጋር ታስረው አራት ሰዓት ሲቀመጡ እያየሁ «ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰው በሚገባቸው ቋንቋ ቢያናግራቸው ኖሮ» የማልልበት ቀን የለም። ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ እመኛለሁ። በሜሪላንድ ከ2015 ጀምሮ ነርስ ፕራክቲሽነር ከሐኪም ጋር ውል ሳትይዝ መሥራት ስለምትችል፣ አንድ ቀን ሰፈራችን ውስጥ ክሊኒክ ብትከፍቺ የሚከለክልሽ የለም። ሕፃናትንም ማየት እፈልጋለሁ ካልሽ ፋሚሊውን (የቤተሰብ ሕክምናውን) ምረጪ፤ የሥራውም በር ሰፊ ነው። ምርጫው ያንቺ ነው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልበል። ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለው መሆኑን ከሁሉ በፊት አረጋግጪ፤ እንደ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ያለ የነርሲንግ ትምህርት እውቅና ሰጪ ካላጸደቀው ገንዘብሽን አታውጪ። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ አንቺ በምትኖሪበት ስቴት ተማሪ መቀበል ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቂ። ብዙዎቹ ማመልከቻ በነርሲንግካስ፣ በጋራው የኦንላይን ማመልከቻ፣ በኩል ስለሚቀበሉ ትራንስክሪፕትሽን ከየተማርሽበት ኮሌጅ አሁኑኑ አዘዢ፤ አዲስ አበባ የተማርሽው ዓመት ተገምግሞ መምጣት ካለበት ጊዜ ይፈጃል። የኬሚስትሪ ውጤትሽን በተመለከተ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂው፣ አትለማመጪበት። ከዚያ ወዲህ ያመጣሽው ውጤት ይመልስልሻል።

የድጋፍ ደብዳቤ ትልቅ ማዕረግ ካለው ሰው ለማግኘት አትሩጪ። ስምሽን በቅጡ የማያውቅ ዳይሬክተር ከሚጽፍልሽ፣ ሌሊት አብራሽ የቆመች ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ኃላፊ) ያየችውን ብትጽፍ ይበልጣል። ያንን የመድኃኒት ሰዓት ያስተካከልሽበትን ሐኪምም ጠይቂው። ስትጠይቂ የምትጽፊበትን ጉዳይ አብረሽ ላኪላቸው፤ ደብዳቤያቸው ከጽሑፍሽ ጋር ይናበባል።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ፤ ፕሪሴፕተር፣ በተግባር ልምምዱ የሚያሠለጥንሽን ሰው፣ የሚፈልግልሽ ማን ነው? ከባችለር በኋላ ለዲኤንፒ የተለመደው ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቦታውን ያዘጋጃሉ፤ አንዳንዶቹ «ራስሽ ፈልጊ» ብለው ይተዋሉ። ያኔ ተማሪው በየክሊኒኩ ደጅ ሲጠና ሴሚስተሩ ያልፍበታል፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስገባ ደላላ ፍለጋ የሄዱም አሉ። ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂና መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ አድርጊ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በፈረንጆቹ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌዴራል ብድር ሕግ ተለውጧል። ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ቀርቷል፤ የተለመደው የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት ከ20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር በላይ መበደር አይችልም። ስለዚህ ክፍያውን ከስሙ አስቀድመሽ እዪ። ሥራሽን ሳትለቂ ቀስ ብለሽ ብትማሪ ሆስፒታልሽ የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማ ታገኛለሽ። ወደፊት ማስተማር ካሰብሽ ደግሞ ለነርሲንግ መምህራን የሚሰጥ የፌዴራል ብድር አለ፤ ተመርቀሽ ካስተማርሽ እስከ 85 በመቶ ይሰረዛል። ትምህርት ቤቱ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ መኖሩን አጣሪ። ከእኔ በኩል ዕቁቡ ሲደርሰኝ ለመጀመሪያው ሴሚስተርሽ ይሁን ብያለሁ። አዲስ አበባ ለአክስትሽ የምትልኪውንም እስክትጨርሺ እኔ እሸፍነዋለሁ፤ ነግሬያታለሁ፣ መርቃሻለች።

«ትምህርት አልበቃትም ወይ? መቼ ልታገባ ነው?» የሚሉትን ለእኔ ተዪልኝ። ማኅበር ላይ ሲያነሡት የምመልሰውን አውቃለሁ። አንቺ ግን ለራስሽ በሐቅ አስቢበት፤ ከባችለር ተነሥቶ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሦስት አራት ዓመት ነው፣ በትርፍ ጊዜ ከሆነ ይረዝማል። ዘንድሮ አልችልም ብትዪኝ አላዝንም፤ ለከርሞ ታመለክቻለሽ። ሳትተኚ ናይት ሺፍት ወጥተሽ መኪና እንድትነጂ ግን አልፈልግም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሺፍትሽን ቀንሺ፤ የቤት ኪራዩ ካስቸገረሽ ያ የድሮ ክፍልሽ ባዶ ነው።

አዲሱን ጽሑፍ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፤ ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ ተረጋግቼ አነባለሁ። እንግሊዝኛውን እኔ ሳልሆን አብራሽ የተማረችው ጓደኛሽ ታርመው። እኔ የማየው መድኃኒቱና በሽታው በትክክል መጻፉን ነው። ቻርጅ ነርሷንም ነገ ሥራ ስትገቢ ጠይቂያት፤ እረፍት ወጥታ አገር ቤት ልትሄድ ነው ብለሽኝ አልነበር?

እግዚአብሔር ይከተልሽ።

እናትሽ