«ካርፕ ብቻ ነው የማጠምደው» ማለት የተዘጋ ወንዝ አያስከፍትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በእንግሊዝ አገር ከምንኖር አንባቢዎቻችሁ መካከል ቅዳሜና እሑድን ውሃ ዳር መንጠቆ ጥለው የሚያሳልፉ ወገኖች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ መጥተዋል። መብዛታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሳምንቱን ድካም የሚያስረሳ፣ ልጆችንም ከስልክ የሚያላቅቅ ነገር በዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም የአውሮፓ ጸደይ በመጣ ቁጥር በመካከላችን የሚነሣና ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እስከ ቡና ቤት የሚያከራክረን አንድ ጉዳይ ስላለ ሐሳቤን በጋዜጣችሁ በኩል ለማካፈል ወደድሁ። ጉዳዩም ወንዞች ለዓሣ ማጥመድ ዝግ በሚሆኑበት ወቅት፣ ካርፕ የተባለውን ትልቅ ዓሣ እያሰቡ «እኔ የምፈልገው ካርፕ ብቻ ነው» እያሉ ዘንግ ይዞ ወደ ወንዝ መውረድ ነው።

ሕጉ በራሱ የተወሳሰበ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ወንዞች ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8 ቀን፣ በፈረንጆቹ ከማርች 15 እስከ ጁን 15፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ጭምር፣ እንደ ካርፕ፣ ባርበል፣ ቸብ፣ ብሪምና ሮች ያሉትን ዓሦች በመንጠቆ ማጥመድ ክልክል ነው፤ ወንዙ የሚከፈተው ሰኔ 9 ነው። ክልከላው በ1878 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን (የእንግሊዝን ጉዳይ በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሕጉ በወቅቱ የሼፊልድ የፓርላማ ተወካይ በነበሩት በአንቶኒ ሙንዴላ ስም ሲጠራ ኖሯል። ነገሩን ያወሳሰበው ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ነው። በ1995 አብዛኞቹ ሐይቆችና ኩሬዎች፣ በ2000 ደግሞ አብዛኞቹ የጀልባ ቦዮች ከክልከላው ወጡ፤ በልዩ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥር ያሉት ግን እንደ ወንዙ ተዘግተው ቀሩ። ስለዚህ በአንድ መስክ ላይ፣ በአንዲት ቀን፣ በግራ በኩል ካለው ኩሬ ካርፕ ማጥመድ የተፈቀደ ሆኖ፣ በቀኝ በኩል ከሚፈሰው ወንዝ ያንኑ ካርፕ ማጥመድ ያስቀጣል።

ፈተናው የሚመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሚያዝያ ሲጋመስ ፀሐይ ሁለትና ሦስት ቀን ሳታቋርጥ የወጣች እንደሆነ፣ ብርዱን ከወንዙ ወለል ተጣብቆ ያሳለፈው ካርፕ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ውሃው ገና በአረም ስላልተሸፈነ ከድልድይ ላይ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው በአኻያ ዛፍ ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ የቆመው ዓሣ፣ ሳንቲም የሚያክለው ቅርፊቱና ቀስ እያለ የሚከፈተው አፉ ሳይቀር ይታየዋል። የወንዝ ካርፕ ደግሞ ከሐይቁ ይልቅ ልብ ይሰቅላል። የሐይቁ ካርፕ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ገዝቶ ያስገባው፣ በየጊዜው እየተያዘ የሚለቀቅ፣ አንዳንዱም ስም የወጣለት ነው፤ የወንዙ ግን ጎርፍ ከአንዱ ኩሬ ጠርጎ ያመጣው፣ ማንም ያልመዘነው፣ ማንም ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ ያልተነሣ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ሪቻርድ ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ አጥማጅ በ1952 ሬድማየር ከተባለው ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ካርፕ አውጥቶ፣ ዓሣውም ለንደን ወደሚገኘው የአራዊት ማቆያ ተወስዶ ለሕዝብ ከታየ ወዲህ፣ በዚህ አገር ትልቅ ካርፕ ማሳደድ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ትዳር የሚያናጋባቸውም አሉ። እንዲህ ያለ ዓሣ ዓይኑ ሥር ቆሞ፣ ዘንጉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ አካባቢውም ጭር ብሎ ሳለ ልቡ የማይከጅል አጥማጅ አለ ብዬ አላምንም፤ እኔም ከዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ ከጅሎኝ ያውቃል።

ለመከጀል ደግሞ ምክንያት አይታጣም። ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው «ካርፕ ለዚህ አገር መጤ ነው፤ ሕጉ የወጣው የአገሬውን ዓሣ ለመጠበቅ ነው» የሚለው ነው። መጤነቱ እውነት ነው፤ ወደ እንግሊዝ የገባው በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው። ወንዙ ስለሚቀዘቅዝበት ካርፕ በወንዝ ውስጥ እንደ ልቡ የማይራባ መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ካርፕን ለይቶ አላስወጣውም፤ ቢያስወጣውም ኖሮ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ነገር ዓሣ አይመርጥም። ለካርፕ ተብሎ የተቀቀለውን በቆሎ፣ ተድቦልቡሎ የደረቀውን ቦይሊ የተባለ የዓሣ ማማለያ፣ ባርበልም ቸብም ብሪምም ያለ ማንገራገር ይወስዱታል። ግንቦት ደግሞ ባርበልና ቸብ ጥልቀት በሌለውና ጠጠር በበዛበት ስፍራ ተሰብስበው እንቁላል የሚጥሉበት ወር ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ስለሚወሸቅ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። አጥማጁ የያዘውን ዓሣ ለማውጣት ረጅሙን ቦት ጫማውን አጥልቆ ሁለት እርምጃ ወደ ውሃው ሲገባ ምን እንደሚረግጥ አያውቅም። በዚያ ወር የተያዘች ባርበል ሆዷ ሞልቶ፣ መንጠቆው እስኪነቀልላት ድረስ አጥማጆች ዓሣ በሚያሳርፉበት ምንጣፍ ላይ ስትንፈራገጥ እንቁላሏ ከሥሯ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ወደ ውሃው ብትመለስም ያ እንቁላል አብሯት አይመለስም። «ካርፕ ብቻ» የሚለው አነጋገር ትርጉም የሚኖረው እንግዲህ አጥማጁ ከዓሦቹ ጋር ተነጋግሮ የመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፋቸው። «ትራውት ፍለጋ ነው የመጣሁት» የሚለው፣ ትራውት የተባለው ሌላ ዓሣ የማጥመጃው ጊዜ በብዙ ስፍራ በጸደይ ስለሚከፈት የቀረበ ሰበብ ነው፤ ሆኖም ለትራውት የሚመጣ ሰው ሦስት የካርፕ ዘንግ በመደገፊያ ላይ ደርድሮ፣ ድንኳን ተክሎ አያድርም። «ይህ እኮ ወንዝ ሳይሆን ቦይ ነው» የሚለው ግን አንዳንድ ጊዜ በቅንነት የሚባል ነው። በዚህ አገር ጀልባ የሚሄድበት ውሃ ሁሉ ቦይ አይደለም፤ ወንዙ ራሱ ተስተካክሎና በር ተበጅቶለት ጀልባ የሚመላለስበት፣ ወይም ወንዝና ቦይ እየተለያዩ እንደገና የሚገናኙበት ስፍራ ብዙ ነው። ስለዚህ ዘንግ ከመዘርጋት አስቀድሞ ያ የውሃ ክፍል በየትኛው ሥር እንደሚመደብ ከመንግሥቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢንቫይሮንመንት ኤጀንሲ) ወይም ከውሃው ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

በሕጉ ላይ ያለኝን ቅሬታ ብሸሽግ ግን ለአንባቢ ሐቀኛ አልሆንም። ካርፕ እንቁላል የሚጥለው የውሃው ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህም በብዙ ዓመት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ውስጥ ይውላል። በሐይቅ ዳር በዚያን ጊዜ የሚታየውን ያየ ሰው አይረሳውም። ሦስትና አራት ወንዶች አንዲቱን ሴት ከሸምበቆው ጋር እያጣበቁ ይገፏታል፤ ጀርባቸው ከውሃው በላይ ይወጣል፤ መንቦጫረቃቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ውሃው እንደ ጭቃ ይደፈርሳል፤ በሸምበቆውና በአረሙ ላይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንቁላል ተጣብቆ ይቀራል። ዓሣው ያን ሰዓት ሰው ቢቀርበውም አይሸሽም። እንግዲህ ሕጉ ካርፕ በእርግጥ በሚራባበት በሐይቁ ማጥመድን ፈቅዶ፣ እምብዛም በማይራባበት በወንዙ መከልከሉ ለካርፕ ብቻ ሲታሰብ የተገላቢጦሽ ነው። ደግሞም የወንዙ መከፈቻ ቀን ሲደርስ አንዳንዱ ባርበል ገና እንቁላሉን ጥሎ ያልጨረሰበት ዓመት አለ። ቀኑ ይገፋ ወይም ይነሣ የሚሉ አጥማጆች ከንቱ ነገር አላነሡም፤ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውም በ2018 እና በ2019 የአጥማጆችን አስተያየት አሰባስቦ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ነው የወንዙ ክልከላ እንዳለ እንዲቀጥል የወሰነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት መደምደሚያ ግን ወንዙን በየግል ፈቃዳችን እንክፈተው የሚል አይደለም። ሕጉ ጎደሎ ነው የሚል ሰው ጉድለቱን መሙላት የሚችለው ክልከላውን ወደ ሐይቁም በማስፋት እንጂ ከወንዙ በማንሣት አይደለም። ለእኔ የሚታየኝ መንገድ ይህ ነው፤ ወንዙን እስከ ሰኔ 9 መተው፤ በሐይቅም ቢሆን ካርፑ ከሸምበቆው ዳር መንቦጫረቅ ሲጀምር ዘንግን አጥፎ ወደ ቤት መመለስ። ብዙ የግል ሐይቆች ዓሣው በሚራባበት ሰሞን ማንም ሳያስገድዳቸው ራሳቸው ይዘጋሉ። የማይዘጋ ሐይቅ ላይ ያለን ሰው ግን የሚከለክለው ሕግ ስለሌለ፣ ዘንጉን ማጠፍ አለማጠፉ የራሱ የአጥማጁ ጉዳይ ነው።

ዓሣ ወደ ቤት ስለ መውሰድም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ስለምንሳሳት ነው። እኛ ዓሣ የምናጠምደው ልንበላው ነው፤ እንግሊዛዊው ግን ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያወጣውን ካርፕ መዝኖ፣ ቁስሉን ቀብቶ፣ ሳም አድርጎም መልሶ ይለቀዋል። ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሊያስቅ ይችላል። ሆኖም በእንግሊዝ ወንዞች ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካርፕ ይዞ መሄድ በክልከላው ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን በሙሉ የተከለከለ ነው፤ ከሐይቅና ከቦይም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዓሣ መውሰድ አይቻልም። ዕድሜው ከ13 ዓመት ጀምሮ ያለ ሁሉ የዘንግ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ ለፋሲካም ሆነ ለሌላ ጊዜ ዓሣ ያማረው ሰው ከገበያ ቢገዛ ከጭቃማ ወንዝ ከወጣ ካርፕ እጅግ የተሻለ ጣዕም ያገኛል።

ይህን ሁሉ የምለው ፈረንጅ እንዳይታዘበን ብዬ ብቻ አይደለም። እርግጥ አንድ ሰው በተዘጋ ወንዝ ላይ ሲገኝ ስሙ የሚነሣው የእርሱ ሳይሆን የመጣበት አገር ነው፤ ይህ ፍትሐዊ ባይሆንም እየሆነ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በጣና ዙሪያ ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቁት፣ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም በየትም የማይገኙት ዓሦች የካርፕ ቤተ ዘመድ ናቸው። ክረምት ሲገባ ከእነዚህ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ሌሎቹን ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸውም በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚዘረጋባቸውም እዚያው ላይ፣ በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደ ቀነሰ መዝግበዋል። አገራችንም አዋጅ አላጣችም፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ልዩነቱን ግን መዘንጋት የለብንም። በጉማራ አፍ ላይ በሐምሌ መረብ የሚዘረጋ ሰው ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ መረብ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ተው ለማለት የሚነሣ ሁሉ በእነዚያ ወራት ምን ይብላ ለሚለውም መልስ ይዞ መቅረብ አለበት። በእንግሊዝ ወንዝ ዳር የቆመው የእኛ ወገን ግን የሚፈልገው ፎቶግራፍ ነው። በአቅራቢያው ያለው ሐይቅ ክፍት ነው፤ ቦዩም ክፍት ነው፤ የሚታገሠው ሦስት ወር ብቻ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ለየትኛው እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ ቀሊሉ የደረሰን እኛ «ካርፕ ብቻ ነው» እያልን ሰበብ መደርደራችን ይገርመኛል።

በመጨረሻም ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ስለ ክልከላው የሚወጡት ማስታወቂያዎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑና ቀኖቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚነገሩ፣ በተለይ በቅርቡ የመጡና በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችን ሳያውቁ ይሳሳታሉ። በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻ በሚወጣው እትማችሁ ላይ ወንዞች ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8 ዝግ መሆናቸውን፣ የትኞቹ የውሃ ዓይነቶች ክፍት እንደሚቀሩ፣ የዘንግ ፈቃድም ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚወሰድ የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ በአማርኛ ብታወጡልን፣ እንዲሁም በተዘጋ ወንዝ ላይ ሲጠመድ ያየ ሰው ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በነጻ የሚደውልበትን 0800 80 70 60 የተባለውን ቁጥር ከሥሩ ብታክሉበት፣ ብዙ ክርክር ያሳጥርልናል። ማስታወቂያውን ቆርጬ በቤተ ክርስቲያናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ
ከለንደን