ርካሹን የቲግ ማሽን ማስገባት ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፤

ርካሹን የቲግ (በአርጎን ጋዝ የሚበየድበት) ብየዳ ማሽን ፈልጋችሁ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ ሁሉ ይቅርታ። ከሐረር ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ግን «ሰውዬው ጠገበ፣ አሁን ውድ ውዱን ብቻ ነው የሚሸጠው» መባሉን ሰምተናል። እውነቱን ለመናገር ከፍቶናል።

ያ ማሽን ዲሲ ብቻ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጠው። ለብረትና ለስቴይንለስ አይታማም። ግቢው ውስጥ ሊሠራ ቲግ የሚገዛ ሰው ልቡ ያለው ግን አልሙኒየም ላይ ነው፤ ራዲያተር፣ ድስት፣ የሞተር ክዳን። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን ሽፋን የሚገፈው ኤሲ፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ነው። በተራ ዲሲ ሲሞከር ውስጡ ይፈሳል፣ ላዩ አልያያዝ ይላል። ከዚያ ማሽኑ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ሱቅ ይመጣል፤ «ሸወድከኝ» የምባለው እኔ ነኝ።

የድሬዳዋ ሙቀትም አለ። ካርቶኑ ላይ «200 አምፔር፣ 60 በመቶ» ከተባለ፣ በ200 አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ደህና ፋብሪካ ይህን የሚለካው በ40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ነው። ርካሾቹ በስንት ዲግሪ እንደለኩት እንኳ አይጽፉም። ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ማሽኑ ከበያጁ ቀድሞ ይደክማል።

ትልቅ ልሽጥላችሁ ብዬም አይደለም። ለምትበይዱት ነገር በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ያዙ። ለ3 ሚሊ 120 መሆኑ ነው። ለቤት ሥራ ባለ 200ው ኤሲ/ዲሲ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የቤት ቆጣሪም ያስቸግራችኋል።

ዋጋው መወደዱን አጥቼው አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የምናስገባው ሁሉ ዘሏል። የአርጎኑ ማስሞያም እንዲሁ። ትርፌን ቀንሼ ነው የያዝኩት፤ የሚያምነኝ ባይኖርም። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በያጅ ነበር። እኔም ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ስበይድ ነው የኖርኩት። የማይሠራ ማሽን ሸጬ መንገድ ላይ ዓይናችሁን መሸሽ አልችልም።

ብረትና ስቴይንለስ ብቻ ለምትሠሩ ዲሲውን በትእዛዝ እናመጣለን። ሌሎቻችሁ የራሳችሁን ቁራጭ ይዛችሁ ኑና ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት፤ አርጎኑ በእኛ ነው። ቀትር ላይ እንደምንዘጋ ታውቃላችሁ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል። የቆያችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ፣ ሌላ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት እባካችሁ አንዴ እኛን ጠይቁን።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤት፣ ድሬዳዋ