ከዋሻው በላይ ያለው ግንብ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው አልለቅ ያለን።

ባለፈው በስልክ «እዚያ አሜሪካ ምን አየህ?» ሲሉኝ «አየር ማረፊያና መንገድ» ብዬ አሳቅኩዎት። እውነቴን ነበር። በታክሲዬ በየቀኑ የማልፍበት ዋሻ አለ። ከላዩ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ለካ ምሽግ ኖሯል! ፎርት ስኔሊንግ ይሉታል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አውራ ጎዳናው ሊያፈርሰው ሲል ሰው ተሟግቶ ነው መንገዱ በሥሩ ያለፈው።

ቅዳሜ የልጅ ልጅዎን ይዤ ሄድኩ። ሚሲሲፒና ሚኒሶታ የሚባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይመርጡም። በፈረንጆቹ 1820 ጀምረው በ1825 የጨረሱት ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ድንጋዩን እዚያው ከገደሉ እየፈለጡ። ፈርሶ እንደገና የተሠራ ብዙ አለ፤ ክቡ ግንብ ግን የጥንቱ ነው።

የድሮ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ጠመንጃ ሲያጎርስ አየን። ወረቀቱን በጥርሱ ቀደደ፣ ባሩዱን አፈሰሰ፣ ጥይቱን በዘንግ ወደ ታች ገፋ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ጠብቃ ጠብቃ ሰለቻት። «አያትሽ እስካሁን በኤም ዋን ጠመንጃቸው ስምንቱንም ጥይት ጨርሰው ነበር» አልኳት።

ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ድሬድ ስኮት የሚባል ጥቁር ባሪያ ነበር። ጌታው የጦር ሐኪም ነው፤ በ1836 ወደዚህ አመጣው። ሃሪየትን ያገባው እዚሁ ነው። ባርነት በዚህ ምድር በሕግ ክልክል ነበር፤ የመኮንኖቹን ወጥ የሚሠራው ግን ባሪያ ነው። ባልና ሚስቱ «ነጻ ምድር ላይ ኖረናል፣ ነጻ ነን» ብለው በ1846 ከሰሱ። 11 ዓመት ተጓተተ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደባቸው።

እኔ አምና እጄን አንስቼ የማልኩለት ዜግነት መሆኑ ነው፣ አባባ። ያ ወጥ ይሠራበት የነበረው ምድጃ አጠገብ ቆሜ ትንሽ ቆየሁ።

ከግንቡ በታች፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በ1862 የምድሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከዳኮታዎች ጋር ጦርነት ነበር። ሲያበቃ 1,600 ያህል ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እዚያ ሜዳ ላይ በአጥር ዘግተው በዚያ በረዶ አከረሟቸው። እስከ 300 የሚደርሱት ሞቱ። የተረፉትን በመርከብ ጭነው ከአገራቸው አባረሯቸው። ወገኖቻቸው ዛሬም እየመጡ መታሰቢያው ላይ ጨርቅ ያስራሉ።

«እኔን የሚያክሉ ልጆችም ነበሩ?» አለችኝ። «ነበሩ» አልኳት። እስከ መኪናው ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

ፎቶዎቹን በእህቴ ስልክ ልኬያለሁ፤ መነጽርዎን አድርገው ይዩዋቸው። የመድኃኒቱ ብር ሰኞ ይደርሳል። እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ልጅዎ