የማሲንቆዋን ሪሳይታል 60 ሰው ብቻ ነው የሰማው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የኪነጥበብ ገጻችሁ ከማያመልጣቸው አንባቢዎች አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለወቀሳ ሳይሆን ለልመና ነው። ሰሞኑን እዛ ገጽ ላይ አንድ ዘፋኝ የገዛው መኪና ከነፎቶው ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት አየሁ፣ ዘፋኙን እወደዋለሁ መኪናውንም ይባርክለት። ግን በዛው ሳምንት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመራቂ ተማሪዎች ሪሳይታል ነበር፣ ስለሱ አንድ መስመር እንኳን የትም አላየሁም፣ እናንተም ጋ ሌሎቹም ጋ። እኔ ራሴ የሄድኩት ጎረቤቴ ስለጠራችኝ ነው።

ሪሳይታል ማለት ተማሪው ስንት አመት የለፋበትን መሳሪያ ይዞ ሰው ፊት የሚወጣበት ቀን ነው፣ መምህራኖቹ ፊት ወንበር ላይ ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ፣ ከኋላ ቤተሰብና ጓደኛ። የዛን ቀን ፒያኖም ነበር፣ ትራምፔትም ነበር፣ ሁሉም ጥሩ ነበሩ፣ እኔን ግን የወሰደኝ የጎረቤቴ ልጅ ማሲንቆ ነው።

ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ የኔ መኝታ ቤትና የሷ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። አራት አመት ሙሉ ማታ ማታ ሰምቻታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ቦታ ላይ መቶ ጊዜ ትመላለስ ነበር፣ እኔም አንድ ቀን ተናድጄ ግድግዳውን መትቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሰፈሩም ዝም አላለም፣ "ሴት ልጅ አስተምራ አዝማሪ ልታደርጋት ነው እንዴ" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እናትየዋም ልጅሽ ምን ትማራለች ሲሏት "ዩኒቨርሲቲ ናት" ብላ ታልፍ ነበር እንጂ ማሲንቆ የሚለውን ቃል አታወጣም። እንግዲህ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ዜማ በደረሰው በቅዱስ ያሬድ ስም በተሰየመ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ነው እንዲህ የሚደበቀው።

ስትወጣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ተቀመጠች፣ ከኪሷ ትንሽ እጣን አወጣችና የደጋኑን ጭራ ቀስ ብላ አሸችው፣ ከፊት የተቀመጥነው ሽታው ደርሶናል። ማሲንቆ እኮ ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለው ምን የለው፣ ጭራውን እንጨቱ ላይ አትጫነውም ከጎን ነካ ነው የምታደርገው፣ ጣቷ ጥፍር ታህል ከሳተች ድምጹ ሌላ ነው። በዛች አንድ ጭራ ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬን፣ መጨረሻ ላይ አምባሰልን ተጫወተች፣ አራቱንም ቅኝት።

አምባሰል መሀል ላይ ጭራው ላላ። ሁላችንም አወቅነው። እሷ ግን አልደነገጠችም፣ ቆመች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ መቃኛውን ጠመዘዘች፣ ነካ ነካ አድርጋ ሰማች፣ እንደገና ትንሽ ጠመዘዘችና ካቆመችበት ቀጠለች። አንደኛው መምህር እስክሪብቶውን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። ከዛ ያቺ ቦታ መጣች፣ ያቺ ግድግዳ ያስመታችኝ ቦታ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ እሷ እንደ ውሀ ፈሰሰችበት። እናትየዋ አላስቻላትም እልልታዋን አቀለጠችው። ጥቂት ሰዎች ዞረው ሽሽሽ አሏት፣ እኔ ግን እናትየዋ ልክ ነበረች ባይ ነኝ። ለፒያኖው ጸጥ ማለት ጥሩ ነው፣ ማሲንቆ ግን ያደገው ሰው "ተቀበል!" እያለ ግጥም ሲሰጠው፣ ሲመልስ፣ ሲሳቅ ሲለቀስ ነው፣ ማሲንቆ ፊት ባንክ ወረፋ እንደያዝን ሆነን መቀመጥ እኔ አይዋጥልኝም።

በነገራችን ላይ የራሱን ልጅ ብቻ ሰምቶ አበባውን ሰጥቶ ፎቶ ተነስቶ የወጣ ሰውም ብዙ ነው፣ ይሄ ለሚቀጥለው ተማሪ ከባድ ነው፣ እባካችሁ ወላጆች ቁጭ በሉ። መጨረሻ ላይ ስንቆጠር 60 ብንሆን ነው።

እናንተን የማስቸግረው ለምን መሰላችሁ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣውን ሰው አገር የሚያውቀው በጣም ቆይቶ ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው ያሬድ ገብቶ ነው፣ ከዛ ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ሄዶ ተምሮ ዛሬ የት የት እንደሚጫወት ታውቃላችሁ። አለሙ አጋ እዛው ትምህርት ቤት በገና ያስተምር ነበር፣ በደርግ ጊዜ ትምህርቱ ቀረ፣ እንደሱ አይነት ሰዎች ባይዙት ኖሮ ዛሬ በጾም ወቅት በየቦታው የምንሰማው በገና ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው። ያኔም እኮ የተጀመረው እንዲህ ትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰው ፊት ሳይሆን አይቀርም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሪሳይታል ሲኖር ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት መስመር አውጡልን፣ እኛ ስንገባ ማንም ብር አልጠየቀንም፣ አንባቢ ቢያውቅ ይመጣል። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ላኩ፣ መጥቶ ይስማና ጥሩውን ጥሩ፣ ያልበሰለውን አልበሰለም ብሎ ይጻፍ፣ ልጆቹ ከቤተሰብ ጭብጨባ ውጪ የሚሰማቸውና የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እናትየዋ ያን ቀን በር ላይ የታደለውን የፕሮግራም ወረቀት ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ አሁን ቤቷ ለሚመጣ ሁሉ "ማሲንቆ ነው የምትጫወተው" ብላ ታሳያለች። የልጅቷ ስም ከነመሳሪያዋ የታተመበት ያለው ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ ከጀሞ