የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቀዳዳውን ማን ዘጋው?

የዘንድሮውን ርዕሳችንን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ኤሌክትሪክ የፊዚክስ ክበብ ጉዳይ አይደል እንዴ?» ብለውኝ ነበር። አይደለም። ወላጆችም ልጆቹ ሽቦ ሊነካኩ ነው ብለው ሰግተው ነበር። ማንም ሽቦ አልነካም። የእኛ ጉዳይ የህዋስ ሽፋን ነው፤ በጣም አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲያገኘው ምን ይሆናል?

ስብሰባው እንደወትሮው በየሳምንቱ ተካሂዷል። ተጠሪ ተመርጧል፣ በሚኒ ሚዲያም አንብበናል። ይኸው ነው።

የምት መሣሪያ ስለሌለን በቀይ ሥር ጀመርን። ተከትፎ በደንብ የታጠበ ቀይ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙም አይለቅም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃውን ደም ያስመስለዋል፤ ሙቀቱ ሽፋኑን ስላፈረሰው ቀለሙ ያመልጣል። የኤሌክትሪክ ምት ግን በልኩ ከሆነ ሽፋኑን ይበሳሳዋል እንጂ አያፈርሰውም። ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ለሆነ ሽፋን 1 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል።

ግንቦት ላይ ዩኒቨርሲቲ ሄድን። የቤተ ሙከራው ባለሙያ ባክቴሪያና ዲኤንኤ የተቀላቀለበትን ጠብታ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጨመረ። በሁለቱ የብረት ግድግዳዎቿ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ዲኤንኤው በሚከፈቱት ቀዳዳዎች ወደ ባክቴሪያዎቹ እንዲገባ 1,800 ቮልት ለቀቀበት፤ ቮልቱ በክፍተቱ ሁሉ ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዷ ባክቴሪያ የሚደርሳት ጥቂቱ ነው። መሣሪያው ጢጥ አለ።

«በቃ?» አለ አንዱ ልጅ። በቃ፤ ነገሩ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ናሙናው ውስጥ ጨው ቢቀር ኖሮ ብልጭ ብሎ ይፈነዳ እንደነበር ሲሰሙ ግን ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ያኔ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ቀዳዳውን ማን ዘጋው?» አለች። ባለሙያው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማንም አልዘጋውም አላት። የሽፋኑ ቅባቶች ከውሃ ስለሚሸሹ፣ ወጥ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት በማንኪያ ሲከፈል ተመልሶ እንደሚገጥም፣ ራሳቸው ይገጥማሉ።

«ባይገጥምስ?»

«ህዋሱ ይሞታል።»

በማግስቱ በቴሌግራም ፎቶ ላከልን። አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘረመል የያዘው ዲኤንኤ የገባላቸው ብቻ ናቸው ተርፈው የተባዙት። ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ትቆጥር ጀመር። ደወሉ ተደወለ፤ አልሰማችም።

«ምን ይጠቅማል?» ለምትሉን፦ ብሊዮማይሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በራሱ ወደ ህዋስ እምብዛም አይገባም፤ ሐኪሞች እብጠቱ ላይ ምት ሰጥተው ያስገቡታል። አውሮፓ ውስጥ የቺፕስ ፋብሪካዎች ድንቹን ሳይሰባበር ለመቁረጥ ምቱን ይጠቀሙበታል። ምቱ ወደ ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ሲያጥር ደግሞ በህዋሱ ውስጥ ያሉትን ሽፋኖች ጭምር ይነካል።

የወላጆች ቀን ላይ መብራት ጠፍቶ ዝግጅታችን ተበላሽቷል። የማይክሮስኮፑ አምፖልም ከተቃጠለ ቆየ፤ በመስኮት ብርሃን ነው የምንሠራው። የእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ ዘንድሮም ተቀይሯል፤ ያምርባቸዋል።

ለ2018 የምንጠይቀው አምፖልና የአንድ ጉዞ የመኪና ኪራይ ነው። መርዳት የሚፈልግ ወላጅ ረቡዕ ከሰዓት ቤተ ሙከራ ያገኘናል።